ሁለት ጊዜ ብቻ የጠየቀኝ ሰው

ስለ ብስክሌት ብቻ ባወራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ብስክሌት አውቃለሁ፤ በማውቀው ነገር ደግሞ ሰው አያፍርም። የዛሬው ታሪኬ የሚጀምረውም አንድ ሰው ከሁለት ብስክሌት አንዱን መምረጥ አቅቶት ሲቸገር ነው። የሚያልቀው ግን ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ስደርስ ፊቴን ባለማየታችሁ አላህን አመሰግናለሁ።

ያኔ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ ብስክሌት እያከራየሁና እየጠገንኩ ካደግኩ በኋላ፣ እንደ ብዙ የሰፈሬ ልጆች በየመን በኩል ባሕር ተሻግሬ ጅዳ ገባሁ። ሸረፊያ የሚባለው የገበያ ሰፈር ውስጥ አቡ ሳሊም የሚሉት የመናዊ ሽማግሌ የብስክሌት መጠገኛ ነበረው፤ እሱ ዘንድ ሥራ ያዝኩ። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ወረቀት ግን አልነበረኝም። ፖሊስ ሲመጣ ከጎማው ክምር ኋላ እደበቃለሁ፣ ሲሄድ ወጥቼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። የምኖረው እንዲያ ነበር፤ ለምጄው ነበር።

ታናሽ እህቴ ዘሀራ ከእኔ በኋላ መጥታ መካ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና ነበር። የቤቱ እመቤት፣ መዳሟ፣ እንቅልፍ ስትነሳት ጠፍታ ወጣች። ሚስፈላ፣ ከታላቁ መስጊድ ከሐረሙ በስተደቡብ ባለው አሮጌ ሰፈር፣ ከሌሎች የወሎ ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርታ ትኖራለች። ከቤቱ ስትጠፋ ወረቀቷ እዚያው ስለቀረ እሷም እንደኔው ሆነች።

በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ አካባቢ ወረቀት ለሌለን የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀ ተባለና ፍተሻው ጀመረ። ሸረፊያ በአንድ ጀምበር ጭር አለ። ትናንት ሰላም ያልከው ሰው ዛሬ የለም፤ ስልኩን ስትደውል አያነሳም። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ዘሀራ ደወለችልኝ።

"ሰይዶ፣ የሕንጻው ዘበኛ ነገ ይፈተሻል ብሎናል። የክፍሌ ልጆች ተሲያት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሄደው እጃቸውን ሊሰጡ ነው።"

"አንቺስ?"

"ብቻዬን ወላሂ አልገባም! የሚወራውን ሰምተህ የለ? አንተ ካለህ ግን እገባለሁ። አገሬ ልግባ፣ ምን አባቱ።"

"የምን እጅ መስጠት ነው! መጥቼ ወደዚህ አመጣሻለሁ። የአቡ ሳሊም ሚስት ቤቷ ልታስቀምጥሽ እሺ ብላለች። ከዐስር በፊት እደርሳለሁ፣ አብሽሪ።"

"በምን ትመጣለህ?"

"እሱን ለኔ ተይው" አልኳት። በምን እንደምሄድ አላውቅም ነበር። መካ መግቢያ ላይ ኬላ አለ፤ ታክሲውን ሁሉ እያስቆሙ ኢቃማ ይጠይቃሉ።

ስልኩን ዘግቼ ሳበቃ ፋይሰል መጣ። ፋይሰል የሳዑዲ ልጅ ነው፣ ዕድሜው ከኔ ብዙም አይበልጥም፤ ትልቅ ነጭ መኪና አለው፣ ትሕትናውም ለጉድ ነው። ወር ሙሉ ያመላለሰው ሁለት ብስክሌት ነበር። አንድ ወደ አገሩ የተመለሰ መሐንዲስ እንድንሸጥለት ትቷቸው የሄደ የተራራ ብስክሌቶች ናቸው። አንደኛው ትሬይል የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቀለል ያለ፣ ሞላው መጠነኛ፣ ሽቅብም ቁልቁልም ሜዳም የሚሄድ። ሁለተኛው ኤንዱሮ ነው፤ ከበድ ያለ፣ ሞላው ረጅም፣ ጎማው ወፍራም፣ ድንጋያማ ቁልቁለት በፍጥነት ለመውረድ የተሠራ። ፋይሰል አንዱን ይነካል፣ ሌላውን ይነካል፣ ይቀመጥበታል፣ ይወርዳል፣ "ነገ እወስናለሁ" ብሎ ይሄዳል። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳን እንደሱ አልተቸገረም።

ያን ቀን ግን ቆርጦ ነበር የመጣው። "ሁለቱንም ጭኜ ከመካ ማዶ ወዳለው የሀዳ ተራራ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ሞክሬ እገላገላለሁ" አለው አቡ ሳሊምን። "ሞላውን የሚያስተካክልልኝ ሰው ስለሚያስፈልገኝ ሰይድን ስጠኝ።"

አቡ ሳሊም እጄን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝ።

"ይኸው አላህ መኪና ላከልህ" አለኝ በሹክሹክታ። "የዚህን ልጅ መኪና ማንም አያስቆመውም። ስትመለሱ 'እህቴን ከሚስፈላ አሳፍርልኝ' በለው። እምቢ አይልህም። ግን አፍህን ከፍተህ ንገረው፣ ሰማህ? እናንተ ሐበሾች ጥርስ ሲያማችሁ እንኳ ደህና ነኝ ነው የምትሉት።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

ፋይሰል የእሱን ዓይነት የስፖርት ልብስ አለበሰኝ። ቁምጣው ስቀመጥ ከጉልበቴ በላይ ይሰበሰባል። ደረስኩ ያልኩ የወሎ ልጅ ወደ መካ በሚወስድ መንገድ ጭኔን ገልጬ! ሸሚዜን ወደታች ብስበው ብስበው አልደርስ አለኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ነውና ዝም ብዬ ገባሁ።

ባሕራ የምትባለው የመንገድ ላይ ከተማ ስንደርስ ፋይሰል ቆመና "ሻይ ትጠጣለህ?" አለኝ። ጠዋት አፌ ላይ ምንም አላደረግኩም። "አይ፣ ሹክራን፣ በቃኝ" አልኩ። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። "ኧረ ደህና ነኝ" አልኩ። እኛ አገር እንዲህ የሚል ሰው እየተራበ መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ጋባዡ "በሞቴ!" ብሎ ብርጭቆውን እጅህ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አንተም እንደተሸነፈ ሰው ትጠጣለህ። ፋይሰል ግን ሄዶ አንድ ሻይ ብቻ ይዞ መጣና ፊት ለፊቴ ፉት እያለ ጠጣው። በክፋት አልነበረም፤ አልፈልግም ስላልኩ አመነኝ።

ይህን ያየ ብልህ ሰው ይማር ነበር። እኔ በሆዴ "አስተዳደግ የለውም" ብዬ ታዘብኩት።

ኬላው ላይ ወታደሩ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየን። ሁለት ተመሳሳይ ሸሚዝ፣ ሁለት ባርኔጣ፣ ከኋላ ሁለት ብስክሌት። ከፋይሰል ጋር ተሳሳቁና "ያላ" ብሎ በእጁ አሳለፈን። ከኛ ጎን ካቆሙት ሚኒባስ ውስጥ የኔ አገር ልጆች እየወረዱ አስፋልቱ ዳር ይቀመጡ ነበር። አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። ባርኔጣዬን ዝቅ አደረግኩ።

ተራራው ሥር ስንደርስ ግን ሁሉንም ረሳሁት ብል ትታዘቡኛላችሁ? ረሳሁት። ድሮ ግመሎች ወደ ጣይፍ የሚወጡበት በድንጋይ የተሠራ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ እዚያ ላይ እየተቀያየርን ነዳን። ኤንዱሮውን ሽቅብ ስገፋው ታፋዬ ነደደ፤ ቁልቁል ስለቀው ግን ድንጋዩን እንደ ፍራሽ አለፈው። ትሬይሉ ሽቅቡን በደስታ ወጣልኝ፤ ቁልቁሉን ደግሞ ፍሬኑን እየነካካሁ፣ መንገድ እየመረጥኩ ወረድኩት። ዓመታት ተደብቄ ኖሬ በጠራራ ፀሐይ፣ ክፍት ሜዳ ላይ፣ ማንም ሳያሳድደኝ መሮጤ አሰከረኝ።

ፋይሰል ኤንዱሮውን ይዞ ሲወርድ መሪውን የሙጥኝ ብሎ ነበር። ታች ሲደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"እና? የቱን ልውሰድ?" አለኝ።

"አንተ የወደድከውን።"

"ሰይድ፣ የወደድኩትን ባውቅ አንተን ለምን እጠይቃለሁ? እውነቱን ንገረኝ።"

ነገርኩት። "አንተ የምትኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እዚህ የምትመጣው በወር አንዴ ነው። ኤንዱሮው በወር አንዴ ያስደስትህና ሌላውን ቀን ሁሉ ስትጎትተው ትኖራለህ። ትሬይሉ ቁልቁለት ላይ ይበለጣል፤ ግን የትም ይወስድሃል። ትሬይሉን ውሰድ።"

አቀረቀረ። "ጓደኞቼ በሙሉ ያላቸው ኤንዱሮ ነው። ይስቁብኛል።"

"ጓደኞችህ ፔዳሉን አይመቱልህም! ሰው ምን ይለኛል እያልክ የማይሆንህን ልትገዛ ነው?" አልኩት። እኔ ነኝ ይህን ያልኩት። በገዛ አፌ።

ሳቀ። "ኸላስ፣ ትሬይሉን ወሰድኩ! ወር ሙሉ እንዲህ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁት" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ እዚያው ሰግደን ተነሳን። ከዐስር በፊት ሚስፈላ ለመድረስ በቂ ጊዜ ነበረን። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።

መካ እስክንቃረብ ድረስ የምለውን በዓረብኛ በልቤ ደረደርኩት። 'ፋይሰል፣ እህት አለችኝ...' ብዬ እጀምርና ደግሞ ከመጀመሪያው እደረድረዋለሁ። አሁን ገና መካሪ ብሎኛል፤ አሁን ገና ጓደኛ አድርጎኛል። ይህን ብነግረው ለካ የመጣኸው ለመኪናዬ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በራሱ ቢጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ።

እሱም ጠየቀኝ! አላህ ምስክሬ ነው፣ ጠየቀኝ። የሚስፈላ መታጠፊያ ሊደርስ ሲል ፍጥነቱን ቀነሰና "መካ ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ? ዘመድ፣ ምናምን? እንቁም?" አለኝ።

"አይ፣ ምንም የለኝም፤ አትቸገር" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ? እኔ አልቸኩልም።"

"ኧረ ምንም፣ ሹክራን።"

አያችሁ፣ ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ነበር። ሦስተኛው ላይ "እንግዲህ ካልክ..." ልል፣ ከንፈሬን እንኳ አዘጋጅቼ ነበር። ፋይሰል "ታይብ፣ እሺ" ብሎ ነዳጁን ረገጠው። መታጠፊያው በቀኜ በኩል አለፈ።

አሁንም መናገር ይቻል ነበር። "ቁም፣ ተሳስቻለሁ" ማለት ብቻ ነው። ግን ምንም የለኝም ያልኩት ከደቂቃ በፊት ነው፤ አሁን አለኝ ብል ውሸታም ልባል ነው። ከደቂቃ በኋላ የባሰ ከበደኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ? መኪናው በሄደ ቁጥር፣ እኔም ዝም ባልኩ ቁጥር አፌን መክፈት ይበልጥ አሳፈረኝ። ኬላውን አልፈን ባሕራ ስንደርስ ስልኬ ጮኸ።

"ሰይዶ፣ ዐስር ሊደርስ ነው። ልጆቹ እየተነሱ ነው። የት ደረስክ?"

ፋይሰል በዓይኑ ጠርዝ ያየኛል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "እየመጣሁ ነው" አልኳት።

"እየመጣህ ነው? ወላሂ?"

"ወላሂ።" በአላህ ስም።

ድጋሚ ብትደውል ምን እላለሁ ብዬ ስልኬን አጠፋሁት። ጅዳ ስደርስ አቡ ሳሊም ሌላ መላ ይፈልግልኛል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ፋይሰል ማን እንደደወለ ጠየቀኝ። "አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው" አልኩት።

መንገዱ ተጨናንቆ ሸረፊያ ስንደርስ ሊመሽ ነበር፤ አቡ ሳሊም በሩ ላይ ቆሟል። የኋላውን ወንበር አየ፣ እኔን አየ።  ኤንዱሮውን ከመኪናው ላይ ሳላወርድ ስልኬን ከፈትኩት። ዘሀራ ደጋግማ እንደደወለች የሚገልጽ መልእክት ገባልኝ። መልሼ ስሞክር አይሠራም። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሊል ሲል ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ብዙ ሰው ይጯጯሃል፣ ሕፃን ያለቅሳል።

"ሰይዶ! የት ክፍል ነህ?"

"ዘሀራ? አንቺ የት ነሽ?"

"ሹሜሲ ነኝ፣ ማቆያው። እየመጣሁ ነው ካልክ በኋላ ስልክህ ሲጠፋ መንገድ ላይ እንደያዙህ አወቅኩ። ልጆቹ እንኳ ትተውኝ ሄደው ነበር፤ ብቻዬን ወጥቼ እጄን ሰጠሁ። ወንድሜ ጋ ውሰዱኝ አልኳቸው። በወንዶቹ በኩል ስምህን እያስጠራሁ ነው፣ የለም ይሉኛል። የት ክፍል ነው ያስገቡህ?"



"ትንሽ ቆዪ" አልኳት። ስልኩ የሰው ነበርና ተቋረጠ።

ብቻዬን አልገባም ያለችው ልጅ፣ እኔን ፍለጋ ብቻዋን ገባች። እኔ ደግሞ በሰው ቁምጣ ሸረፊያ ቆሜያለሁ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ የሚባለውን ያን ቀን አወቅኩት።

ፋይሰል ገና አልሄደም ነበር። ፊቴን አይቶ ምን ሆነሃል አለኝ። አቡ ሳሊም ቀድሞኝ ሁሉንም ነገረው፤ እህቱን እንድታመጣለት ነበር አብሮህ የሄደው አለው። ፋይሰል እኔን ማየት አቃተው።

"የኋላው ወንበር ባዶ ነበር" አለ። "ጠይቄህ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ነበር።"

"በኛ አገር ሦስት ጊዜ ነው" አልኩት። 

"እኔ በምን አውቃለሁ፣ ወንድሜ? በምን አውቃለሁ?" እያለ እጁን አጋጨ። ልጁ ሊያለቅስ ደረሰ። ያለ ጥፋቱ የሱን ልብ መስበሬ ሌላ ሐፍረት ሆነብኝ።

ያኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠየቅ ለመንኩ። "ወደ ሹሜሲ አድርሰኝ" አልኩት። "እጄን ልሰጥ ነው።"

አቡ ሳሊም ሊያስቀረኝ ሞከረ። ሴቶቹን ቶሎ ይሸኟቸዋል፣ አንተ ቆይተህ ሠርተህ ላክላት አለኝ። የሚለው እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ግን የት ክፍል ነህ የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሱሪዬን ለበስኩ። ፋይሰል ኤንዱሮውን እንኳ ሳያወርድ ይዞኝ ከነፈ። በር ላይ ሲያወርደኝ አቅፎኝ ቆየ። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ በእግሬ ገባሁ።

ዘሀራን ያገኘኋት ከቀናት በኋላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወስዱን ነው። ከሴቶቹ መሀል ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ሊያመጣኝ ሲመጣ መንገድ ላይ የያዙት ወንድሜ ይኸውላችሁ!" አለቻቸው። ሴቶቹ መረቁኝ። እኔም ተመረቅኩ። ምን እላለሁ?

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ኮምቦልቻ የራሴን መጠገኛ ከፍቻለሁ። ጠባዬ ተቀይሯል፤ ሚስቴ አሁን አሁን ዓይን አውጣ ትለኛለች። ሰው ምሳ ብላ ሲለኝ ከራበኝ እበላለሁ። የምፈልገው ካለ እጠይቃለሁ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ "ኧረ አትቸገሩ" የሚለው ጨዋነታችን ውብ ነው፤ አልክድም። ውብ የሚሆነው ግን ሁለታችንም ስናውቀው ነው። ሌላው ካላወቀው ውሸት ነው። ዝም አይነቅዝም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የኔ ዝምታ ግን እህቴን ለብቻዋ ነድቷታል። እምቢ ከማለታችሁ በፊት የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ፣ እሱን አስቡ።

ዘሀራ ታሪኩን በየሰዉ ቤት ስታወራው ኖረች። በየሰርጉ፣ በየሰደቃው፣ "ሊያመጣኝ ሲመጣ ያዙት" ትላለች፤ ሽማግሌዎች "አላህ ይጨምርልህ" ይሉኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ባለፈው ዓመት ቤቷ ሰደቃ ደግሳ ድጋሚ ስትጀምረው አልቻልኩም። ወደ ጓሮ ጠርቼ "ማንም አልያዘኝም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

ደነገጥኩ።

"ከግቢው በር ፊት ለፊት ተቀምጠን ነበር። ብስክሌት ከጫነች ነጭ መኪና ወርደህ በእግርህ ስትገባ አይቼሃለሁ። ለኔ ብለህ ነው የገባኸው። ያዙት የምለው ለሰው እንዲቀል ነው እንጂ ለኔስ የሚበልጠው በእግርህ መግባትህ ነው።"

ያን ያህል ጊዜ ይዛው ኖራለች። ላመሰግናት ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላወቅኩም።

"አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ ስል ኖሬያለሁ" አለችኝ። "እየመጣሁ ነው ስትለኝ የት ነበርክ?"

"ባሕራ።"

ፈገግ አለች። "እንደሱ አስቤ ነበር። ልትደርስ ትንሽ ነበር የቀረህ።"

ዝም ልል እችል ነበር።

"ወደ ጅዳ ስመለስ ነው" አልኳት። "ካንቺ እየራቅኩ ነበር።"

ሻሿን አስተካከለችና ወደ እንግዶቿ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ታሪኩን ለማንም ስታወራው ሰምቼ አላውቅም።